መደቡና ምልክቱ፤ ስለ እስክንድር ቦጎስያን የአሣሣል አካሄድና ዕድገት

ስለ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የተጻፈውን ያነበበ ሰው፥ አንድ ሐሳብ በልዩ ልዩ አነጋገር ተደጋግሞ ያገኛል። ይኸውም ሠዓሊው ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ከደብተራ ክታብ ምልክቶችን ወስዶ በአውሮፓ ከተማረው የአሣሣል ዘዴ ጋር አዋሐደ የሚለው ነው። ሐሳቡ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ምን ወሰደ ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፥ የወሰደውን ምን አደረገበት፥ አሠራሩስ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት ተለወጠ ለሚለው መልስ አይሰጥም። የአንድን ሠዓሊ ሥራ በወሰዳቸው ምልክቶች ብቻ መመርመር ቅኔን በሰሙ ብቻ ፈትቶ እንደ መነሣት ነው፤ ወርቁ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ስለዚህ የዚህን ሠዓሊ ዕድገት ለመከታተል ሌላ መንገድ መሞከር ይገባል። መንገዱም ምን ሣለ ከማለት አስቀድሞ፥ በምን ላይ ሣለ ብሎ መጠየቅ ነው። እስክንድር ሥራውን የጀመረው ሌላው ዘመናዊ ሠዓሊ ሁሉ እንደሚጀምረው በወረቀትና በሸራ ነው። ቀጥሎ የተቀደደ ካርቶን መጣ፤ ከዚያም ቆዳና የዛፍ ልጥ፥ በመጨረሻም ብረት። ሸራውን ፈጽሞ ተወው ማለት አይደለም፤ በ1970ዎቹም ትልልቅ ሥራዎችን በሸራ ላይ ሠርቷል። ሆኖም የአሳቡ ለውጥ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሥዕሉን በሚሸከመው አካል መለዋወጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ መደብ የሚባለውም ይህ ቀለም የሚቀበለው አካል ነው እንጂ፥ በተለመደው አነጋገር ከሥዕሉ በስተኋላ የሚታየው ቀለም አይደለም። ዓመታቱም ሁሉ የተቆጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሕይወቱ ታሪክ በአጭሩ ቢነገር ይበቃል። እስክንድር በ1937 በአዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ ኮሎኔል ኮስሮፍ ቦጎስያን የትውልድ ሐረጋቸው ከአርመን የሆነ፥ በክብር ዘበኛ ያገለገሉ መኮንን ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ይባላሉ። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማር ሳለ ሥዕልን የያዘው በመደበኛ ትምህርትነት አልነበረም። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ነበሩ፤ እርሳቸውም የኢትዮጵያን ጥንታዊ ሥዕል በማጥናትና በማሰባሰብ፥ ኋላም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሥራ ስማቸው የታወቀ ሊቅ ናቸው። በ1955 በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ምክንያት በተደረገው ኤግዚቢሽን እስክንድር ሁለተኛ ሽልማት አገኘ፤ በዚሁም የተነሣ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ወደ ለንደን ተላከ። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ከቆየ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ በፓሪስም እስከ 1966 ድረስ፥ መጀመሪያ ተማሪ ሆኖ፥ ኋላም በግራንድ ሾሚየር አካዳሚ እያስተማረ፥ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀመጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመራማሪውን ሊያስገርመው የሚገባ አንድ ነገር አለ። እስክንድር የደብተራ ልጅ አይደለም። ብራና ሲፋቅ፥ ቀለም ሲበጠበጥ፥ ሐረግ ሲጣል እያየ አላደገም። በዘመኑ አብሮት ስሙ የሚጠራው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን በሐረር የተወለደ፥ አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው፥ በብራና ላይ የሚጽፉና የሚሥሉ ነበሩ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ወገን የመጡ ናቸው። ምልክት በትውልድ የሚወረስ ቢሆን ኖሮ ወደ ክታቡ መቅረብ የነበረበት ገብረ ክርስቶስ ነበር። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የጸሐፊው ልጅ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ቅርጽን ከምልክት አላቅቆ በቀለምና በመስመር ብቻ የሚናገር ሥዕል ይዞ መጣ፤ የወታደሩ ልጅ ደግሞ በፓሪስ ተቀምጦ የደብተራውን ጥቅልል ፈታ። ስለዚህ እስክንድር ወደ ክታቡ የደረሰው በውርስ ሳይሆን በፍለጋ ነው ማለት ይቻላል። ለፍለጋውም ርቀት ያስፈልገው ነበር።

ፓሪስ ለዚህ ፍለጋ የሰጠችው ምን እንደሆነ በቂ ትኩረት አልተሰጠውም። የኩባው ሠዓሊ የዊፍሬዶ ላም፥ የቺሌው የሮቤርቶ ማታ፥ የስዊሱም የፓውል ክሌ ሥራዎች ተጽእኖ እንዳሳደሩበት ሁሉም ይጽፋል፤ በጊዜው የጥቁርነትን ክብር ያነሡ የነበሩት የአፍሪካና የካሪቢያን ጸሐፊዎች መንፈስም በከተማዋ ሰፍኖ ነበር። ነገር ግን ፓሪስ ሌላም ነገር ነበራት። በ1931 ተነሥቶ በ1933 የተፈጸመው በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ፥ በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎቹን አንሥቶ በምትካቸው በአዲስ የተሣሉ ቅጂዎችን ትቶ ወደ ፓሪስ ወስዷቸው ነበር። ከእነርሱም ጋር ብዙ የብራና መጻሕፍትና ክታቦች ሄደዋል። በአገር ቤት ክታብ በማኅደሩ ተሸፍኖ በአንገት የሚንጠለጠል፥ ከባለቤቱና ከጸሐፊው በቀር ማንም የማይፈታው ነገር ነው፤ በፓሪስ ግን ያው ዓይነት ዕቃ ከእነ ዶጎንና ከእነ ባምባራ የእንጨት ሥራ ጋር በአንድ ሙዚየም ጣራ ሥር ይገኝ ነበር። ዕቃዎቹ ከቦታቸው የተነሡበት አኳኋን ክርክር የሚያስነሣ ነው፤ ክርክሩም ዛሬ አልቆመም። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ግን የጎንደርን ነገር ከምዕራብ አፍሪካ ነገር ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳስብ ከተማ በዚያን ጊዜ ከፓሪስ ሌላ ማግኘት ያስቸግር ነበር። እስክንድር በእነዚያ ዓመታት ለሠራው ሥዕል የሰጠው ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ስሙን ከግዕዝ ወይም ከአማርኛ አላመጣውም፥ በምዕራብ አፍሪካ የሥራይና የክታብ መጠሪያ የሆነውን ጁጁ የሚለውን ቃል መረጠ።

ወደ ሥዕሎቹ ከመግባት በፊት ክታብ ምን እንደሆነ በሚገባ መታወቅ አለበት፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣው ክታብን እንደ ሥዕል ከማየት ነውና። ክታብ የሚጻፈው ለአንድ ለታወቀ ሰው ነው። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያደርጋል፤ ብራናውን ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከስንዝር በማይበልጥ ረዥም ቁራጭ ይቀደዋል፤ ቁራጮቹንም በጠፍር እየሰፋ ያቀጣጥላል። ርዝመቱ በታማሚው ቁመት ልክ ይሆናል፥ ይህም ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነው። ጽሑፉ ግዕዝ ነው፤ በውስጡ አስማት፥ ጸሎት፥ የሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ፥ መርበብተ ሰሎሞንም ይገኛል። የባለቤቱ የክርስትና ስም በየቦታው ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም ይተካበታል። ሥዕሎቹ በራስጌ፥ በመካከልና በግርጌ ይመጣሉ፤ መልአክ፥ መስቀል፥ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይን። እነዚህ ጠልሰሞች የተሣሉት እንዲያምሩ አይደለም። የክታቡን ጥበብ ለረጅም ዘመን ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ እንዳስረዳው፥ ሥዕሉን የሚያየው ታማሚው ብቻ ሳይሆን በታማሚው ዓይን ውስጥ ሆኖ የሚመለከተው ጋኔን ነው፤ ጋኔኑም የተሣለውን ዓይን ሲያይ ደንግጦ ይለቃል። እንግዲህ በክታብ ሥዕል ማለት የሚታይ ነገር ሳይሆን የሚያይ ነገር ነው።

ይህ ከተያዘ በኋላ የእስክንድርን ሥራ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር በጅምላ ማዛመድ ለምን እንደማያስኬድ ይገለጣል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይን የመለያ ምልክት ነው። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ከሓዲው፥ አይሁዳዊው ሰቃይ፥ ሰይጣኑ በጎኑ ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ሥዕሉን የሚያነብ ምእመን በዚህ ሕግ ወዳጅን ከጠላት ይለያል። በ1964 በተሠራው የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ በሚባለው ሥዕል ግን ይህ ሕግ ቦታ የለውም። በጥቁር ሰማያዊ ጨለማ ውስጥ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት ይበርራሉ፤ ከላባና ከቅርፊት፥ ከብልጭታና ከነጠብጣብ የተሠሩ ናቸው፤ ዓይን የሚመስሉ ክቦችም በየአካላቱ ተበትነዋል። ከእነዚህ ፍጥረታት የትኛው መልአክ፥ የትኛው ርኩስ መንፈስ እንደሆነ የሚነግር ምንም ነገር የለም፤ ፍርሃትና ደስታ በስሙ ውስጥ አንድ ላይ መጠራታቸውም ለዚሁ ነው። ዓይኖቹ የሚለዩ ሳይሆኑ የሚመለከቱ ናቸው፤ ስለዚህ ዝምድናቸው ከግድግዳው ሥዕል ጋር ሳይሆን ከጥቅልሉ ጋር ነው። ይህ ሥዕል ዛሬ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ከእስክንድር ሥራዎች ሁሉ ምናልባት በብዛት የታተመው እርሱ ነው።

ሆኖም በዚህ ሥዕል ላይ የሚሰጠው ምስጋና መጠን ሊደረግለት ይገባል። የሥዕሉ ብርታት ያለው በጨለማው ነው። ጨለማው ባዶ አይደለም፤ ፍጥረታቱ ከእርሱ የተቆረጡ፥ ተመልሰውም ወደ እርሱ የሚገቡ ይመስላሉ። የፍጥረታት መመጋገብና መወላለድ፥ አንዱ ሌላውን የሚሸከምበት ሕግ፥ በዚያው ዘመን መጋቢዎቹ በሚል ስም በተከታታይ ከሠራቸው ሥዕሎች ወዲህ ያሰላስለው የነበረ ጉዳይ ነው፤ እዚህም በሚገባ ተሳክቶለታል። ዓይኖቹ ግን ገና በእንግድነት ያሉ ናቸው። ከክታቡ ተነሥተው በአውሮፓ ሸራ፥ በአውሮፓ የዘይት ቀለም ላይ ሲያርፉ፥ ያዩ የነበሩት ዓይኖች የሚታዩ ዓይኖች ይሆናሉ። ሸራ አራት ማዕዘን ተደርጎ በግድግዳ የሚሰቀል፥ ተመልካቹ ከሩቅ ቆሞ በአንድ ጊዜ የሚያየው ነገር ነው። ክታብ እየተፈታ፥ ከራስጌ ወደ ግርጌ እየተወረደ፥ በእጅ ተይዞ የሚታይ ነው። ምልክቱ ተሻግሯል፤ የምልክቱ ሥራ አልተሻገረም። እስክንድር ይህን ጉድለት ሳይገነዘበው አልቀረም ለማለት የሚያስደፍረው ራሱ በዚያው ዓመት የሠራው ሁለተኛው ሥራ ነው።

ይህም የጁጁ ሠርግ የተባለው፥ ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው ነው። በዚህ ሥራ ሠዓሊው በካርቶን ላይ ቴምፔራና የብረት ቀለም ተጠቅሟል፤ ካርቶኑንም ቆርጦታል፥ ቀድዶታልም። ስለ ቀለሙና ስለ ቅርጾቹ ብዙ ተብሏል። መቀደዱ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ሆኖ ሳለ የአሠራር ዝርዝር ተደርጎ ይታለፋል። ሸራን የሚቀድ ሠዓሊ ሥዕሉን ያበላሻል፤ ካርቶንን የሚቀድ ግን ራሱን መደቡን ቅርጽ ያደርገዋል። የተቀደደው ጠርዝ መስመር ነው፤ እጅ የጣለው እንጂ ብሩሽ የሳበው አይደለም። ከዚህ ሥራ ጀምሮ መደቡ ዝም ብሎ ቀለም የሚቀበል አልጋ መሆኑ ይቀራል፤ እርሱ ራሱ መናገር ይጀምራል። ካርቶን ደግሞ ርካሽ፥ በየመንገዱ የሚጣል ነገር ነው። በዚህ ላይ ወርቅ የሚመስል ቀለም ማሳረፍ በቀላሉ ወደ ጌጥ ሊያወርድ የሚችል ድፍረት ነው፤ እዚህ ግን ሻካራው የካርቶን ጠርዝ ስለሚቃረነው ብልጭታው ልኩን ይዟል።

በ1960ዎቹ የፓሪሱ ብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምና የኒው ዮርኩ ሙዚየም ሥራዎቹን መግዛታቸው ለአፍሪካ ሠዓሊ በዚያን ጊዜ ያልተለመደ ክብር ነበር። እስክንድር በ1966 ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ይህ ዝና ቀድሞት ደርሷል፤ በ1967ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው፤ ተጽእኖው ግን ከዓመታቱ ቁጥር ጋር አይመዛዘንም። በዚያን ጊዜ በተማሩት ዘንድ የነበረው ጥያቄ፥ ዘመናዊ የሚባለው ሥዕል ከውጭ የመጣ ልብስ ነው ወይስ የአገር ገላ ያለው ነገር ነው የሚል ነበር። አፈወርቅ ተክሌ ለዚህ በታሪክና በግርማ፥ ገብረ ክርስቶስ በቅርጽ ነጻነት መልስ ሲሰጡ፥ እስክንድር የሰጠው መልስ ለተማሪዎች ይበልጥ አስቸጋሪ፥ ይበልጥም ፍሬያማ ሆነ። የአገሩን ነገር ቅዱ አላለም፤ የአገሩ ነገር እንዴት እንደሚሠራ እንዲመረመር መንገድ ከፈተ።

ይህ መንገድ ወዴት እንዳደረሰ ከተከተሉት ሰዎች ሥራ ይታያል። ዘሪሁን የትምጌታ በ1968 ከትምህርት ቤቱ የወጣ ነው፤ ኋላ ሥራውን በሸማኔ ዕቃ ውስጥ ከሚገኝ የቀርቀሃ ሰንጠረቅና ከቆዳ እያቀነባበረ፥ ረዣዥምና ጠባብ ቁራጮችን ጎን ለጎን በማቆም ለመደቡ የራሱን መልክ ሰጠው። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ደግሞ፥ በኋላ በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የእስክንድር ተማሪ የነበረው፥ ፊደልን ከንባቡ ነጥሎ ራሱን የቻለ ቅርጽ አደረገው። ነገሩ በአንድ ክታብ ላይ ያለውን ሁለት ደቀ መዛሙርት የተካፈሉት ይመስላል፤ አንዱ ብራናውን ወሰደ፥ ሌላው ጽሑፉን።

እስክንድር ራሱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2001 ድረስም በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በዚህ ዘመን መጀመሪያ ከሠራቸው ዋና ዋናዎቹ አንዱ ከ1972 እስከ 1973 የተሠራው የጅማሬው መጨረሻ የሚባለው በሸራ ላይ ያለ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። የሥዕሉን ስም ከ1974ቱ አብዮት ጋር አያይዞ ትንቢት ማድረግ የሚቀናው አንባቢ አይጠፋም። ይህ ችኮላ ነው፤ ሥዕሉ የተፈጸመው ከአብዮቱ አስቀድሞ ሲሆን፥ የመወለድና የመፍረስ ዑደት ደግሞ ሠዓሊው ከፓሪስ ጀምሮ ያልተለየው ሐሳብ ነው። ይልቅ መጠየቅ የሚገባው፥ ይህን የመሰለ በሸራ ላይ የተራቀቀ ሠዓሊ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለምን ሸራውን ወደ ጎን አድርጎ ወደ ልጥና ወደ ቆዳ እንደዞረ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1981 የተሠራው የዘመን ዑደት ሦስተኛ የሚባለው ሥራ ነው። የተሠራው በልጥ ጨርቅ ነው። የልጥ ጨርቅ የኢትዮጵያ ደጋ ነገር አይደለም፤ በተለይ በኡጋንዳ በቡጋንዳ ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ጥበብ ሲሆን፥ ከሾላ ወገን የሆነ ዛፍ ልጡ ይገፈፍና ረጥቦ በእንጨት መዶሻ ደጋግሞ እየተደበደበ እየሳሳና እየሰፋ ጨርቅ ይሆናል። እስክንድር በዚህ ጨርቅ ላይ ብዙ ቀለም አላፈሰሰም። ጨርቁን በመጫን ከፍና ዝቅ ያለ ቅርጽ አወጣለት፤ ሥዕሉ የሚነበበው በቀለም ልዩነት ብቻ ሳይሆን፥ ብርሃን በገጹ ላይ በሚጥለው ጥላም ነው። የሌሊቱን በረራ ያደመቁት ብልጭታዎች እዚህ የሉም። መደቡ ምልክቱን መሸከሙ ቀርቶ ምልክቱ ከመደቡ ውስጥ ይነሣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች አብረው ተፈጽመዋል። አንደኛው፥ በ1964 ተጀምሮ የነበረው የመደብ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ክታብ ኃይሉን የሚያገኘው በላዩ ከተጻፈው ብቻ አይደለም፤ ቆዳው የሕያው እንስሳ ቆዳ መሆኑ፥ ቁመቱ የሰው ቁመት መሆኑ፥ መጠቅለሉና መታሰሩ ሁሉ የአሠራሩ ክፍል ነው። ሠዓሊው የክታቡን ዓይን በዘይት ቀለም ሲሥል የቀረበው ወደ ክታቡ መልክ ነበር፤ ሕይወት የነበረበትን ልጥና ቆዳ መደብ ሲያደርግ ግን ወደ ክታቡ አሠራር ቀረበ። ሁለተኛው፥ የአገር ወሰን ተሰብሯል። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው፥ ሠዓሊው ለኢትዮጵያዊው ነገር ይበልጥ የታመነው መደቡን ከኡጋንዳ ሲወስድ መሆኑ ነው። እስክንድርን የኢትዮጵያ ሥዕል ባለቤት አድርጎ ማወደስ የሚፈልግ ሐያሲ በዚህ ቦታ ይጨነቃል፤ ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልጡ ዝም ይላል፥ ወይም የልጡን ሥራ እንደ ሙከራ ቆጥሮ ያልፈዋል። ሠዓሊው ግን ጁጁ የሚለውን ስም በመረጠበት ቀን ይህን መንገድ ጀምሮት ነበር።

በእስክንድር ላይ የሚቀርበው ሌላው ክስ ከዚህ የከበደ ነው። ክታብ ለታመመ ሰው የተጻፈ መድኃኒት፥ በውስጡም የቅዱሳን ስም ያለበት ነው፤ ይህን ወስዶ ለገዢ የሚሸጥ ሥዕል ማድረግ፥ ነገሩን ከቦታው ማራቅና ማቃለል አይደለምን የሚል ነው። ክሱ በንቀት የሚመለስ አይደለም። በክታብ ውስጥ ያለ ስም የተወሰነ ሰው ስም ነው፥ ያ ሰው ሲተኛ አጠገቡ ይሰቀላል፥ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። በሙዚየም ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ግን የማንም ስም የለበትም። ሆኖም ክታቡ ራሱ ይህን ክፍተት የማያውቅ አልነበረም፤ ከላይ እንደተባለው ስም ይፋቃል፥ ሌላ ስም ይገባል፤ በስሞቹ መካከል ብራናው ባዶ ቦታውን ይዞ ይቆያል። የእስክንድር የተሳኩት ሥራዎች በዚህ ባዶ ቦታ ላይ የቆሙ ናቸው ማለት ይቻላል። ያልተሳኩትም አሉ። ኮከብ፥ ዓይን፥ ወፍና ጥቅልል ተሰብስበው እንደ ዝርዝር የሚቀርቡባቸው፥ ምልክቶቹ ለምን እንደተሰበሰቡ ከኢትዮጵያዊነታቸው በቀር ሌላ ምክንያት የማይሰጡ ሥራዎች በአሜሪካ ዘመኑ ታይተዋል። ስደተኛው ኅብረተሰብ እንዲህ ያለውን ሥራ መውደዱ የሚገባ ነው፤ የሐያሲ ፈንታ ግን በናፍቆትና በሥዕል መካከል መለየት ነው።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራው ይህን ልዩነት እንደገና ያነሣዋል። ይህም ከሠዓሊት ከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ በዋሽንግተን የሠራው፥ ኔክሰስ የተባለው፥ በ2001 የተፈጸመው የአሉሚኒየም ቅርጽ ነው። የክርስትናው፥ የእስልምናው፥ የአይሁድ እምነትና የሌሎችም የአገሪቱ ልማዶች ምልክቶች፥ የሙዚቃ መሣሪያና የቤት ዕቃ፥ እንስሳትና ዕፀዋት፥ የጥቅልልም ቅርጽ በአንድነት ተቀምጠዋል። በዝርዝር ከታየ፥ ከላይ የተነቀፈው የመሰብሰብ ዝንባሌ እዚህም አለ፤ የኤምባሲ ሥራም በጠባዩ ሁሉን ማስገባት ይጠይቃል። ሥራውን ከዚህ የሚያድነው ብረቱ ነው። ብረት እንደ ልጥ አይደበደብም፥ እንደ ካርቶን አይቀደድም፥ እንደ ብራና አይጠቀለልም፤ ተቆርጦ ይቆማል። ምልክቶቹ ቀለም የሚሸፍናቸው አካል ስለሌላቸው እርስ በርሳቸው የሚያያዙት በጠርዛቸውና በመካከላቸው በቀረው ክፍት ቦታ ነው፤ ተመልካቹም ቅርጹን ያህል ክፍተቱን ያነባል። ሥራው የሁለት ሰዎች እጅ ያረፈበት መሆኑም ለነገሩ ይስማማል፤ የክታብ ጥበብም የአንድ ሰው ፈጠራ ሆኖ አያውቅም፥ ደብተራው ከመምህሩ የተቀበለውን አስማትና ጠልሰም ነው የሚጽፈው።

እስክንድር በግንቦት ወር 2003 በዋሽንግተን ከተማ አረፈ። በዚያው ወር በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር፤ የእርሱም ሥራ ከወጣቶቹ ሥራ ጋር ቀርቧል። በኤምባሲው ያለው ብረት ግን በሙዚየም እንዳሉት ሥራዎች ሥዕል ሊያይ በመጣ ሰው ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ተራውን የሚጠብቅ፥ ወረቀቱን የያዘ፥ በወረቀቱም ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው በፊቱ ይቆማል።